«እጅዎን ይታጠቡልኝ» ለማለት መድፈር



ዛሬ ሚያዝያ 27 ነው። አገራችን አርበኞቿን የምትዘክርበት ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ዕለት የእጅ ንጽሕና ቀን ብሎታል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ስለሆነ በየእጃችን ያሉትን አምስት አምስት ጣቶች እንዲያስታውሰን ነው። ሆስፒታል በዓል የለውም፤ ከእናንተ ከጤና ሠራተኞችም ብዙዎቻችሁ ከተራችሁ መካከል ወጥታችሁ ነው የተቀመጣችሁት። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እጅ መታጠብ እንደሚጠቅም በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ፣ እያወቅነው ለምን ይቀራል የሚለው ነው። መልሱን ከሠራተኛው ስንፍና ብቻ ስንፈልግ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በዚህ ፍለጋ የተረፈ ሕመምተኛ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

የጉዳዩን ስፋት በአጭሩ ላስቀምጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ ይዘውት ያልመጡት ኢንፌክሽን እዚያው ሕክምና ላይ እያሉ ይይዛቸዋል። ከሚይዛቸው ከ10ሩ አንዱ ይሞታል። ሰፈር ውስጥ «ለአንዱ ሄዶ ሌላ በሽታ ሸምቶ መጣ» ሲባል የምንሰማው ሐሜት አይደለም፤ በቁጥር የተረጋገጠ ነገር ነው።

አሁን ከ50 ዓመት ገደማ በፊት የሆነ ታሪክ ልንገራችሁ። ያምቡኩ በዛየር፣ በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ሰሜናዊ ክፍል በደን የተከበበች የገጠር መንደር ናት። የቤልጂየም መነኮሳት የሚያስተዳድሩት 120 አልጋ ያለው የካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበራት። ሐኪም አልነበረውም። ሆኖም መድኃኒት የማይጠፋበት ቤት በመሆኑ ሰዉ ከሩቅ ሁሉ ይመጣበት ነበር። በየማለዳው ለነርሶቹ 5 ሲሪንጅና መርፌ ይሰጣቸዋል። በነዚያ 5 ሲሪንጆች የተመላላሽ ክፍሉም፣ የተኝቶ ታካሚው ክፍልም፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትሉም ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲታለፍ መርፌው በሞቀ ውሃ ይለቀለቃል። አንዳንድ ቀን ማታ ሥራ ሲያበቃ ይቀቀላል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1976 መጨረሻ አንድ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት መምህር ትኩሳት ይዞት መጣና ወባ ነው ተብሎ የክሎሮኪን መርፌ ተወጋ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተ። በዚያ ሰሞን ሆስፒታሉ መርፌ የወጋቸው ሰዎች ተራ በተራ ይወድቁ ጀመር፤ ለእርግዝና ክትትል መጥተው መርፌ የወሰዱ ሴቶችም ነበሩባቸው። ከዚያም አስታማሚዎቻቸው፣ ሬሳ ያጠቡ ዘመዶቻቸው፣ በመጨረሻም ራሳቸው የጤና ሠራተኞቹ ታመሙ። ከሆስፒታሉ 17 ሠራተኞች 11ዱ ሞቱ። ሴፕቴምበር 30 ቀን ሆስፒታሉ ተዘጋ። ወረርሽኙ ሲያበቃ 318 ሰዎች ታመው 280ዎቹ ሞተው ነበር። በሽታው በአካባቢው ባለ ወንዝ ስም ኢቦላ ተባለ። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑት ባለሙያዎች፣ ቫይረሱ በመርፌ ብቻ ከገባባቸው ሰዎች አንድም የተረፈ አላገኙም።

ወረርሽኙ እንዲበርድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የሆስፒታሉ መዘጋት ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ይከብደኛል። ሕዝቡን ከሞት ለማዳን የተሠራ ቤት በመዘጋቱ ሰው ተረፈ ማለት ነው።

በያምቡኩ ክፉ ሰው አልነበረም። መነኮሳቱ አገራቸውን ጥለው ድሃ ሊያገለግሉ የመጡ ናቸው፤ ካከሟቸው ሰዎች ጋር አብረው የሞቱም አሉባቸው። በጎ ፈቃድ ሞልቶ ነበር፤ ያልነበረው ሲሪንጅና የሚያሠለጥን ሰው ነው። «ለዛሬ 5 ይበቃል» የሚለው የማለዳ ውሳኔ ከማንኛዋም ነርስ ስህተት በላይ ገድሏል። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ኢንፌክሽን ሲደጋገም ጥፋተኛ ፍለጋ ስንነሳ፣ መጀመሪያ ቧንቧውንና የዕቃ ግምጃ ቤቱን እንድናይ እለምናለሁ።

ታሪኩ የሩቅ እንዳይመስለን። የኢቦላ የቅርብ ዘመድ የሆነው ማርበርግ በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጂንካ ከተማ መከሰቱ ተረጋግጧል። ከተያዙት ውስጥ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ በሽታ ሲገባ ስሙን ግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም። እንደ ማንኛውም ወባ፣ እንደ ማንኛውም ተስቦ ትኩሳት ይዞ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። በሽታው ምን እንደሆነ ከመታወቁ በፊት ባሉት ቀናት የሚያድነን ለሁሉም ታካሚ፣ ሁልጊዜ፣ ሳይመረጥ የምናደርገው ጥንቃቄ ነው። «ይሄኛው የሚያስፈራ አይመስልም» ብሎ ጓንት መተው እዚያ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለ መርፌ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ ይህኛው በተለይ ቤተሰቦችን ይመለከታል። ዛሬ በአገራችን አንዴ ያገለገለ ሲሪንጅ መጣል የተለመደ ነው፤ ትልቅ ለውጥ ነው። የመርፌ ፍቅራችን ግን አልቀነሰም። ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ብቻ ይዞ ሲመለስ «ታዲያ ምን አደረጉልህ?» ይባላል። ባለሙያውም ይህን ስለሚያውቅ አንዳንዴ ለታካሚው ደስታ ሲል ይወጋል። ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቢልሃርዚያን ለማጥፋት ገበሬውን በዘመቻ መርፌ ስትወጋ ቆየች። ሲሪንጆቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው ዞሩ። በዚህ ሳቢያ አገሪቱ በዓለም እጅግ ከፍተኛ የሄፓታይተስ ሲ ሥርጭት ካለባቸው አገሮች አንዷ ሆነች፤ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ልጅ ልጅ እስኪያዩ ድረስ ዕዳውን ተሸክመውታል። ለቢልሃርዚያው ደግሞ በኋላ በአፍ የሚዋጥ ክኒን ተገኘለት። ክኒን የሚበቃው ሕመም ላይ መርፌ አትጠይቁ።

ወደ እጅ ልመለስ። የቪየናውን ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስን ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት ስለምታውቁት በአጭሩ አነሳዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና ታላቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት በአንደኛው ከ100 እናቶች 10 ያህሉ በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር፤ አዋላጆች በሚሠሩበት በሁለተኛው 4 አይሞሉም። እናቶች ይህን አውቀው ወደ አንደኛው አታስገቡን እያሉ ይማጸኑ ነበር። በ1847 አንድ የዜመልቫይስ ባልደረባ አስከሬን ሲመረምር በቢላ ተወግቶ በዚያው ሕመም ሞተ። ዜመልቫይስም ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ወደ ማዋለጃው ሲመጡ በእጃቸው የሚያመጡት ነገር እንዳለ ገባውና እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በኤፕሪል ከ100 እናቶች 18 ሲሞቱ፣ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ በጁን የሞቱት 2 ያህል ነበሩ።

ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሆኖም አብዛኞቹ ታላላቅ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። «እጅህ ገዳይ ነው» መባሉ ክብራቸውን ነካው። እሱም በበኩሉ የተቃወሙትን በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ጻፈባቸው፤ ነገሩ ጠብ ሆነ። በ1865 በ47 ዓመቱ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሲሞት ትምህርቱ ገና ተቀባይነት አላገኘም ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚያንገበግበኝ፣ እውነቱ ከታወቀ በኋላ የሞቱት እናቶች ናቸው። በስድብና በማሸማቀቅ እጁን የታጠበ የለም። በዚያ መንገድ የሚያስተምሩ ተቆጣጣሪዎች ዛሬም አሉን፤ በአለቃ ፊት ታጥቦ፣ አለቃ ሲሄድ የሚተው ሠራተኛ እያፈሩልን ነው።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ጄኔቫ ላይ የተደረገው ግን ሌላ ነው። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ዲዲዬ ፒቴና ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ያደረጉት ቁጭ ብሎ መቁጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 እጅ መጽዳት ከነበረበት 100 ጊዜ ውስጥ በትክክል የጸዳው 48 ጊዜ ነበር። ነርሶቹ ከሐኪሞቹ ይሻላሉ። ሥራ ሲበዛ ደግሞ መታጠብ ይቀንሳል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሳሙናና በውሃ በሚገባ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይወስዳል። አንዲት ተረኛ ነርስ በሰዓት 20 ጊዜ እጅ ማጽዳት የሚጠይቅ ሥራ ካላት፣ ወደ ሲንኩ መሄጃና መመለሻውን ሳንቆጥር ከሰዓቷ እስከ 20 ደቂቃ በመታጠብ ያልቃል። ክፍሉ ሙሉ ሆኖ፣ ግሉኮስ የሚያልቅበት እየጠራት፣ ሌላው እያቃሰተ፣ ይህን ማን ይችላል?

ጄኔቫዎች ይህን አይተው በአልኮል የተሠራውን የእጅ ማሻ በየአልጋው ራስጌ አስቀመጡ፤ በኪስ የሚያዝ ጠርሙስም አደሉ። በአልኮል እጅን ማሸት ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ወደሚቀጥለው አልጋ እየተራመዱም ይሠራል። በ1997 48 የነበረው ወደ 66 ከፍ አለ፤ ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ ኢንፌክሽን ያለባቸው ታካሚዎች ቁጥርም ከመቶ 17 ከሚጠጋው ወደ 10 ገደማ ወረደ። 66 ከመቶ ፍጹም እንዳልሆነ ልብ በሉ። ፍጹም ሳይሆኑ ነው ያን ያህል ሰው ያተረፉት።

ይህ ለእኛ የማይደረስበት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሆስፒታል ፋርማሲ ራሱ ሊቀምመው የሚችል አዘገጃጀት አውጥቷል። ለ10 ሊትር የሚያስፈልገው 96 ከመቶ የሆነ ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 ከመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ቆዳ እንዳይደርቅ 98 ከመቶ የሆነ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር ነው፤ የቀረው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ተቀላቅሎ 72 ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ ለሥራ ይውላል። ኤታኖሉን መተሐራና ፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ሲያወጡት የኖሩት ነው። ኮቪድ የመጣ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ፣ በየሱቁ፣ በየባንኩ፣ በየታክሲ ተራው ጀሪካንና ሳሙና ተደርድሮ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስንፈልግ እንደምንችል ያን ጊዜ አይተነዋል። ያ ሁሉ ጀሪካን ሲነሳ የሆስፒታሉ አብሮ መነሳቱ ግን ቁጭት ሆኖብኛል።

አልኮሉ የማይተካው ነገር አለ። እጅ ላይ በዓይን የሚታይ ደም ወይም ቆሻሻ ካለ፣ ታካሚው ተቅማጥ ከያዘው፣ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ የግድ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ለዚህ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ሮቶውም ማን እንደሚሞላው፣ መቼ እንደሚታጠብ በስም የተመደበለት ሰው ያስፈልገዋል።

እጅ የሚጸዳው መቼ ነው? ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ መርፌ መውጋትና ቁስል ማሸግን የመሰለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ ታካሚውን ከነካን በኋላ። አምስተኛው የሚረሳው ነው፤ ታካሚውን ሳንነካ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ብቻ ከነካን በኋላ። የአልጋው ብረት፣ የግሉኮስ መስቀያው፣ ኮመዲኖው፣ በትራሱ ሥር ያለው ስልኩ ሁሉ የእሱን ተሕዋስያን ይዘዋል። የእኛም ስልክ ያው ነው። ጓንት ደግሞ እጅ መታጠብን አያስቀርም። በአንድ ጓንት ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞር ሠራተኛ ራሱን ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ታካሚዎቹን ለአደጋ እያጋለጠ ነው፤ ጓንቱ ሲወልቅም እጅ ይጸዳል።

እስካሁን ስለ ዕቃና ስለ ውሃ ተናገርኩ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚከብደው ይመስለኛል።

አሜሪካ፣ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሚሠራ ፒተር ፕሮኖቮስት የተባለ ሐኪም ነበር። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ትልልቅ የደም ሥሮች የሚገቡ ቱቦዎች የሚያመጡት የደም ኢንፌክሽን ሰው ይገድል ነበር። እሱም አምስት ነጥብ ያለው አጭር ዝርዝር አዘጋጀ፤ እጅ መታጠብ፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ቱቦው ሲገባ ታካሚውን በንጹህ ጨርቅ መሸፈንና ጋውን መልበስ፣ ከተቻለ ቱቦውን በብሽሽት አለማስገባት፣ የማያስፈልግ ሲሆን ወዲያው ማውጣት። እዚህ ውስጥ አዲስ እውቀት አልነበረም። አዲሱ ነገር ለነርሷ የተሰጣት ሥልጣን ነው፤ ሐኪሙ አንዱን ነጥብ ከዘለለ ታስቆመዋለች፣ አስተዳደሩም ከእሷ ጎን ይቆማል። አሠራሩ በሚቺጋን ግዛት ከ100 በሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም፣ ያ ኢንፌክሽን እስከ 66 ከመቶ ቀንሶ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ክፍል እንምጣ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ከጎኗ ያለውን ሕፃን መርምሮ እጁን ሳያጸዳ ወደ ልጇ ሲመጣ ታያለች። ትናገራለች? አትናገርም። ተቆጥቶ ልጄን ችላ ይልብኛል ብላ ትፈራለች፤ ለተማረ ሰው ይህን ማለት ድፍረት ይመስላታል። አጠገቧ የቆመችው ወጣት ነርስም አይታለች፤ አለቃዋ ስለሆነ ዝም ትላለች። ወለሉን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛም አይታለች። ሦስት ሰው አይቶ ሦስቱም ዝም ሲል ተሕዋሲው ወደ ሕፃኑ ይሻገራል። ይሉኝታችን በሠርግና በለቅሶ ያስተሳስረን ይሆናል፤ በታማሚ አልጋ ዙሪያ ግን እየገደለን ነው።

እኛ እኮ እንግዳ ቤታችን ሲገባ ማስታጠቢያና ፎጣ ይዘን ፊቱ የምንቆም ሕዝብ ነን። ታጠብ መባሉ የትልቅ ሰው ክብር ነው እንጂ ውርደት ሆኖ አያውቅም። በሆስፒታል ውስጥም ይኸው ክብር ይኑር። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅዎን ይታጠቡልኝ» ማለት ይቻላል። «ሲስተር፣ እባክሽ አልኮሉን» ማለት ይቻላል። ታላላቅ ሐኪሞቻችን ደግሞ የጠዋቱን ዙር ሲጀምሩ ለተማሪውም ለቤተሰቡም «እጄን ሳላጸዳ ስነካ ካያችሁ አስቁሙኝ» ብለው ቢጀምሩ ያ ፍርሃት በአንድ ሳምንት ይላላል። የተነገረው ሐኪምም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» ብሎ እጁን ያጽዳ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በዚያው ዙር ላይ ካኑላውም፣ የሽንት ቱቦውም «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። ረስተነው የሰነበተ ቱቦ ስንቱን ሰው ለኩላሊትና ለደም ኢንፌክሽን እንደዳረገ ባለሙያዎቹ ታውቁታላችሁ።

ቤተሰቦች ሆይ፣ እናንተንም አልተዋችሁም። በአገራችን አስታማሚ ማለት ግማሽ ነርስ ነው። ታማሚውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንት የሚደፋለት እሱ ነው። ይህን ሁሉ እየሠራ ግን ጓንት የሚሰጠው፣ እጅ አስተጣጠብ የሚያሳየው የለም። ይህ የእኛ የባለሙያዎች ጉድለት ነው፤ ታማሚ አልጋ በያዘ ቀን አስታማሚውም አብሮ መማር አለበት። እናንተ ደግሞ የጎረቤት ታማሚ ሲያቃስት አዝናችሁ ልታቃኑት ስትሄዱ፣ ከእሱ ወደ እናንተው ሰው ስትመለሱ እጃችሁን አጽዱ። የዚያ ደግነት ዋጋ ሌላ ሰው ሕመም እንዳይሆን።

ጥየቃውን በተመለከተ ልማዳችንን አልነቅፍም፤ ታሞ ብቻውን መተኛት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እድርተኛው፣ ማኅበርተኛው፣ የሥራ ባልደረባው በአንድ ቅዳሜ 15 ሆኖ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ቁስሉን ሊያይ ጨርቁን ሲገልጥ፣ ጨቅላውን እየተቀባበለ ሲስም ታማሚው ይጎዳል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ጉንፋን የያዘው ስልክ ይደውል። አራስ ቤት ስትሄዱ ሕፃኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

አሁን ስለ አየር ልናገር፤ ምክንያቱም በእጅ የማይመጣ ጠላት አለ። በደቡብ አፍሪካ ቱጌላ ፌሪ በምትባል የገጠር ከተማ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 መድኃኒት እጅግ የተላመደ የቲቢ ዓይነት የተገኘባቸው 53 ታካሚዎች ነበሩ። 52ቱ ሞቱ። የኤችአይቪ ምርመራ የተደረገላቸው ሁሉ ቫይረሱ በደማቸው ነበር። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ቲቢ ታመው አያውቁም፤ ለሌላ ሕመም በተኙበት ክፍል ከሌሎች ሳል እንደተጋባባቸው ጥናቱ አመለከተ።

በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ደግሞ ተመራማሪዎች የስምንት ሆስፒታሎችን ክፍሎች አየር ለኩ። በርና መስኮታቸው ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ ተቀየረ፤ በማሽን አየር ይገባባቸው የነበሩት ክፍሎች የታሰበላቸው 12 ነበር። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆነ የድሮ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ በልጠው ተገኙ። መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ጋ የሚጠይቀው የብርድ ፍርሃትን ማሸነፍ ነው። «ነፋስ ይመታዋል» ብለን የሚያስለውን ሰው ከ8 ሰው ጋር በተዘጋ ክፍል እናስተኛለን፤ ነርሷ የከፈተችውን መስኮት ዞር ስትል እንዘጋለን። ብርዱ እውነተኛ ነው፤ ደጋ አገር ላይ ሌሊቱ ይቆረጥማል። መድኃኒቱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው፣ አልጋውን ከመስኮቱ ሥር ማራቅ ነው። የሚያስለው ሰው ካርድ ክፍል ሲመጣ ማስክ ሰጥቶ ከሰልፉ ማውጣትና ቶሎ እንዲታይ ማድረግ ነው። ክሊኒክ የምትሠሩ ባለሀብቶችም ካላችሁ፣ የማይከፈት መስታወት ለሱቅ እንኳ አይመችም፤ ለታማሚ ማቆያ ክፍል ፈጽሞ አታድርጉት።

የመጨረሻው ነገሬ ስለ ጽዳት ሠራተኞች ነው፤ ለመጨረሻ ያቆየሁት አንሶብኝ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ከመርፌ አደጋ ጋር በየዕለቱ ተጋፍጦ፣ ከሁሉ ያነሰ ሥልጠናና ደመወዝ የሚያገኝ የጽዳት ሠራተኛው ነው። ነርሷ በችኮላ መርፌውን ከሌላ ቆሻሻ ጋር ስትጥለው፣ ከረጢቱን ትከሻዋ ላይ የምታደርገው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው በተወሰደ መርፌ የተወጋ ያልተከተበ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከመቶ እስከ 30 ይደርሳል። በኤችአይቪ ከ1,000 3 ገደማ ነው። ሰዉ ግን የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ለመጀመሪያው ክትባት እያለ ሳይከተብ ይሠራል። ክትባቱ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ለሐኪሙ ተሰጥቶ ለጽዳት ሠራተኛው የማይሰጥበት ምክንያት የለም፤ በውል ድርጅት በኩል የተቀጠረ ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። ደሙ የውል ድርጅቱ አይደለም።

መርፌ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑት፤ የወጋው እጅ ራሱ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣለው። ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸግ፤ እስኪትረፈረፍ ጠብቆ በእጅ መጠቅጠቅ ብዙ ሰው አስወግቷል። የተወጋ ሰው ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይጠብ፤ ሳይጨምቀው፣ ሳይደብቀው፣ በዚያው ሰዓት ሪፖርት ያድርግ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ ጥቅሙ ያልቃል። ለዚህም ደግሞ ሪፖርት ያደረገችውን ሠራተኛ «ለምን አልተጠነቀቅሽም» የሚል አለቃ ሊኖር አይገባም፤ አንዷን በተቆጧት ማግሥት ሌሎቹ ሁሉ ይደብቃሉ።

በረኪናውንም በትክክል እንበጥብጠው። ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ የሚል ከሆነ፣ አንድ ኩባያ በረኪና ለዘጠኝ ኩባያ ውሃ ነው፤ ያ 0.5 ከመቶ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፤ ያደረ በረኪና ኃይሉ ይደክማል። ከሁሉ በፊት ግን ቆሻሻው በሳሙና ይታጠብ፤ ደም ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን በደሙ ላይ ይጨርሳል። እነዚህን ነገሮች ለጽዳት ሠራተኞቻችን በጽሑፍ ለጥፈን ሄደን ከሆነ አላስተማርንም። አብረን በጥብጠን፣ አብረን ወልውለን ማሳየት ነው።

ለሆስፒታሉ አስተዳደር ሦስት ነገር በዚህ ስብሰባ ፊት እጠይቃለሁ፤ በየአልጋው ራስጌ የአልኮል ጠርሙስ እንዲሰቀል፣ ሮቶው የሚሞላለት ሰው በስሙ እንዲመደብ፣ የጽዳት ሠራተኞች በሙሉ ከዚህ ወር ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንዲጀምሩ። ከነዚህ ውስጥ የማይቻል ካለ፣ ለምን እንደማይቻል ዛሬ እዚሁ ይነገረን፤ እንወያይበት።

ቀሪው ጊዜ የጥያቄና የአስተያየት ነው። የመጀመሪያዎቹን ዕድሎች ለጽዳት ሠራተኞችና ለአስታማሚዎች እሰጣለሁ፤ ሐኪሞች ከነሱ በኋላ ትናገራላችሁ። ማይክራፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ።